ሐዲዱን የሳተው ማን ነው?

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ውይይታችን ሐዲዱን እየሳተ ነው።» የዕድር ስብሰባ ይሁን የመሥሪያ ቤት ግምገማ፣ ይህችን የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ የተወ ልጅ «ሐዲዱን ሳተ» ይባላል። በጀቱ አልቆ ግማሹ ላይ የቆመ ፕሮጀክትም እንደዚያው። ፖለቲካውማ ሐዲዱን ያልሳተበት ጊዜ ካለ የሚያስታውስ ይንገረን። ደግሞ ይህን ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ባቡር ላይ ወጥተው አያውቁም። አባባሉ ከባቡሩ ቀድሞ አገር አዳርሷል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። አንድ ነገር ሊሄድበት ከሚገባው አቅጣጫ ወጣ ማለት ነው። ነገር ግን ስንናገረው ሌላም ነገር እንጨምርበታለን። ወቀሳ። ልጁ ሐዲዱን ሳተ ስንል ጥፋቱ የልጁ ነው ማለታችን ነው። ሰብሳቢው ውይይቱ ሐዲዱን ሳተ ሲል ዓይኑን ወደ አንድ ተናጋሪ ጣል ያደርጋል። ባቡር ከሚያውቅ ሰው አንፃር ግን ይህ ወቀሳ ነገሩን የገለበጠ ነው። ባቡር በራሱ ፈቃድ ሐዲድ ሊስት አይችልም። እንዴት እንደሆነ ለማየት ትንሽ ብረት ብረት ወደሚሸት ጉዳይ መግባታችን የግድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ማሳ ላይ ጎራ እንበል።

ባቡር ሳይመጣ በፊት ምን እንል ነበር?

«ፈር ለቀቀ» እንል ነበር። አሁንም እንላለን። ፈር ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚያወጣው መስመር ነው። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ የመጀመሪያውን ፈር ቀጥ አድርጎ ካወጣ ቀሪው እርሻ ያንን ተከትሎ ይሄዳል። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ሰው «ፈር ቀዳጅ» የሚባለው በዚህ ነው። የተዘበራረቀ ሥራ መልክ ሲይዝም «ፈር ያዘ» እንላለን። በተቃራኒው ከወግ የወጣ ቀልድ ፈር የለቀቀ ቀልድ ነው። አፉን የማይገታ ሰው ንግግርም ፈር የለቀቀ ነው።

አሁን ልብ በሉ። እርሻ ላይ ፈር የሚለቀው ማነው? ወይ በሬው ያፈነግጣል፣ ወይ አራሹ ይዘናጋል። ዕርፉ በአራሹ እጅ ነው። ጅራፉም በእጁ ነው። በሬውም ቢሆን የራሱ ፈቃድ ያለው ፍጡር ነው፤ ከማሳው ዳር ለምለም ሣር ካየ አንገቱን ወደዚያ ይጥላል። ስለዚህ ፈር ለቀቀ ብሎ መውቀስ ተገቢ ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ይቻል ነበር፣ አልተሄደም።

«ሳተ» የሚለው ግስም ከባቡር በፊት ብዙ ሥራ ነበረው። መንገድ ይሳታል፣ ዒላማ ይሳታል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ስህተትም ከዚሁ የመጣ ነው። ሐዲድ የሚባል ነገር አገር ውስጥ ሲገባ ግሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። መንገድ ሲል የኖረ ሰው ሐዲድ ለማለት ብዙም አልከበደውም። ፈረንሳዮችም በቋንቋቸው የሚቀባጥርን ሰው «ከሐዲዱ ወጣ» በሚል ግስ ይገልጹታል። ባቡር በደረሰበት አገር ሁሉ ይህን የሚመስል አባባል አይጠፋም።

ታዲያ ሐዲዱ መቼ መጣ? ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሊዮን ሸፍኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሸሪክ ነበረው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ተራራውን መውጣት ገንዘቡን ስለሚበላው ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በቀለች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሽኩቻ ገባበት፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ።

መስመሩ ብዙ ቃል ይዞልን መጥቷል። ለገሃር ራሱ «ጣቢያው» የሚለው ፈረንሳይኛ ነው። ፉርጎም ከፈረንሳይኛ ነው። ባቡር የእንፋሎት ስም ነው፤ ከአውሮፓ ተነስቶ በዐረብኛ በኩል ዞሮ ደረሰን። «ምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገውም ባሕር ላይ የሚሄደው የእንፋሎት መርከብ ባቡር ይባል ስለነበር ነው። በገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። ሐዲድ ደግሞ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው፤ ዐረቦች የባቡር መንገድን «የብረት መንገድ» ይሉታል፣ እኛ ከሁለቱ ብረቱን ብቻ ወሰድን። (ሐዲድ፣ ሀዲድ፣ ሃዲድ፤ ሦስቱም ይጻፋል። እኔ በሐመሩ ሐ ሄጃለሁ፣ በዚህ የሚጣላኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።)

እንግዲህ «ሐዲዱን ሳተ» ቢበዛ የመቶ ሃያ ምናምን ዓመት ዕድሜ ያለው አባባል ነው። ከፈር ጋር ሲተያይ ገና ትናንት የተወለደ ነው።

መሪ የሌለው ተሽከርካሪ

ባቡር መሪ የለውም። ነጂ አለው፣ መሪ የለውም። የባቡር ነጂ ክፍል ውስጥ ብትገቡ እንደ መኪና የሚዞር ክብ ነገር አታገኙም። ነጂው በዋናነት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያስኬዳል፣ ያቆማል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የማለት ሥልጣን የለውም። መስመሩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወሰነው ሐዲዱን ከታች በሚያዟዙሩት ሰዎች ነው። ድሮ በእጅ በሚሳብ ብረት ነበር፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው። (በነገራችን ላይ «ሹፌር» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ መጀመሪያ እሳት አንዳጁን የሚመለከት ነበር፤ በእንፋሎቱ ዘመን ነጂው አጠገብ ቆሞ ከሰል ወደ ምድጃው የሚያስገባው ሰው። የዛሬዎቹ ሹፌሮች ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።)

ታዲያ መሪ ከሌለው እንዴት ይታጠፋል? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ጎማው በጎኑ ከንፈር አለው፣ ሐዲዱን እየታከከ ይይዘዋል» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ከንፈር ወደ ታች ወርዶለታል። ነገር ግን ባቡሩን ዘወትር ሐዲዱ ላይ የሚያቆየው ከንፈሩ አይደለም። ከንፈሩ የመጨረሻ መከላከያ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ከንፈሩ ሐዲዱን ጨርሶ ላይነካ ይችላል።

ምስጢሩ የጎማው ቅርጽ ላይ ነው። የባቡር ጎማ ከሩቅ ሲያዩት ድፍን ክብ ይመስላል እንጂ ሐዲዱን የሚረግጠው ፊቱ ትንሽ ዘመም ያለ ነው። በከንፈሩ በኩል ወፈር ይላል፣ ወደ ውጭ ሲሄድ ይቀጥናል። የተለመደው ዘመምታ በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ምስጢር ደግሞ ግራና ቀኙ ጎማ በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው አብረው መዞራቸው ነው። የመኪና ጎማዎች እንደዚህ አይደሉም፤ መኪና ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ከውስጡ በላይ መዞር ስላለበት ዲፈረንሻል ተገጥሞላታል። ባቡር ዲፈረንሻል የለውም። አንዱ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም በትክክል አንድ ዙር ነው።

እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት የወረቀት ኩባያ አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በፕላስተር አጣብቁ። መሐሉ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን የሆነ ነገር ይሆንላችኋል። ሁለት ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ትይዩ አድርጋችሁ፣ በአንድ በኩል ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ፣ ኩባያዎቹን ልቀቁ። ወደ ግራ ቢያዘነብሉ ራሳቸው ይመለሳሉ። ወደ ቀኝም ቢሉ ይመለሳሉ። አሁን ኩባያዎቹን ቂጥ ለቂጥ አጣብቃችሁ ድገሙት። ሁለት ስንዝር ሳይሄዱ ይወድቃሉ። ለልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። ጥንዱ ወደ ቀኝ ሲሸሽ የቀኙ ጎማ በወፍራም ፊቱ፣ የግራው በቀጭኑ ይረግጣል። አብረው ስለሚዞሩ ወፍራሙ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ጥቂት ይሄዳል። ቀኙ ቀደመ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥንዱ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። ወደ መሐል ተመለሰ። ማንም አልነካውም። ኩርባ ላይም እንዲሁ ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ሩብ ክብ ሲዞር የውጩ ብረት ከውስጡ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ጥቂት ይንሸራተቱና የውጩ በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ እየረገጠ ልዩነቱን ያካክሱታል። ኩርባው በጣም ሲጠብ ግን ይህ አይበቃም። ያኔ ከንፈሩ ሥራ ይጀምራል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። በ2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ኩርባ ላይ ሲደርስ የምትሰሙት ሲጥ የሚል ድምፅ ከዚህ ዓይነቱ መፋጨት የሚመጣ ነው።

የጅቡቲው አሮጌ መስመር ኩርባ አያጣም ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ በ784 ኪሎ ሜትር ይወጣ ነበር። በሐዲዶቹ መሐል ያለው ስፋት አንድ ሜትር የሆነውም ለዚህ ነው፤ ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው፣ ተራራ ጥግ ላይም ይታጠፋል። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በ1,435 ሚሊ ሜትሩ ስፋት ነው የሚሄደው። አሮጌው ባቡር አዲሱ ሐዲድ ላይ፣ አዲሱም አሮጌው ላይ አይወጣም።

እንዴት ይስታል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ነጂው መሪ ከሌለው፣ ጎማው ራሱን በራሱ መሐል ላይ የሚያቆም ከሆነ፣ ባቡር ሐዲድ የሚስተው መቼ ነው? የሚመረምሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ሦስት ቦታ ላይ ነው። ሐዲዱ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ ፍጥነቱ ላይ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ተባብረው ይገኛሉ።

ሐዲድ እንደምናስበው የማይንቀሳቀስ ነገር አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም ይፈልጋል። የድሮ ሐዲድ በየጥቂት ሜትሩ ክፍተት የሚተውለት ለዚህ ነበር፤ ያ ቀጠፍ ቀጠፍ የሚል የባቡር ድምፅ ጎማው ክፍተቶቹን ሲያልፍ የሚሰማ ነው። የአሁኑ ሐዲድ ተበይዶ ረጅም ሆኖ ነው የሚዘረጋው፤ ድምፁም የለም። መርዘም የከለከለው በሥሩ ያለው ጠጠርና የታሰረበት አግዳሚ ነው። ጠጠሩ ከሳሳ፣ ቆላ ላይ ቀትር ሲሆን፣ ሐዲዱ እንደ እባብ ሊጣመም ይችላል። ከዚህ ሌላ ስንጥቅ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ሃትፊልድ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 አንድ ፈጣን ባቡር ኩርባ ላይ እያለ ሐዲዱ ከሥሩ ከ300 በላይ ቦታ ተሰባበረ። 4 ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱ መሰነጣጠቁ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሳይቀየር ቀረ። እዚያ ባቡሩም ነጂውም ምንም አላጠፉም።

ስለ ጎማ የሚነሳው ከባዱ ታሪክ ጀርመን ውስጥ ኤሼዴ በተባለች ትንሽ ከተማ የሆነው ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ሳተ» የምንልበትን ቅጽበት እንድንጠራጠር ያደርገናል። ፈጣኑ ባቡር መጀመሪያ ሲሠራ ጎማው ወጥ ብረት ነበር። ተሳፋሪዎች ስለ መንቀጥቀጡ አማረሩ፤ በምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ ሰሐንና ብርጭቆው ይንኳኳ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ከብረቱ መሐል ላስቲክ የተደረገበት፣ በውጩ የብረት ቀለበት የታሰረ ጎማ ነው። ጉዞው ለሰለሰ። ቀለበቱ ግን በየዙሩ በጥቂቱ እየታጠፈ እየተቃና ከውስጥ በኩል ደከመ፣ ተሰነጠቀ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1998 ወደ ሃምቡርግ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ የአንድ ጎማ ቀለበት ተበጠሰ። ተገንጥሎ የፉርጎውን ወለል በስቶ ተሳፋሪዎች በተቀመጡበት ብቅ አለ። አንድ ተሳፋሪ ሮጦ ተቆጣጣሪውን ፈልጎ ነገረው። ተቆጣጣሪው አደጋ ጊዜ የሚሳበውን ፍሬን ከመሳቡ በፊት በዓይኑ ማየት ፈለገ። ባቡሩ በዚህ ሁኔታ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ሐዲዱ ላይ ነበረ። ከውጭ የሚያየው ሰው ምንም አላጠራጠረውም። ከዚያ መስመሩ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ የተንጠለጠለው ብረት ከሐዲዱ ጋር ተጠላለፈ፣ ፉርጎዎቹ ከመስመር ወጡ፣ የድልድይ ምሰሶ ገጩ፣ ድልድዩ ላያቸው ላይ ተናደ። 101 ሰዎች ሞቱ።

ታዲያ ያ ባቡር ሐዲዱን የሳተው መቼ ነው? ድልድዩ ጋ? ከ6 ኪሎ ሜትር በፊት? ወይስ ለስላሳው ጎማ የተመረጠ ቀን?

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ነጂው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ኩርባ ላይ ባቡሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያድጋል። የሐዲዱን የውጩን ብረት ከውስጡ ከፍ አድርገው የሚያነጥፉት ይህን ለማካካስ ነው፤ ሆኖም የሚያካክሰው ለታሰበለት ፍጥነት ብቻ ነው። ለማቆምም ቀላል አይደለም። አንድ የባቡር ጎማ ሐዲዱን የሚነካው 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነች ቦታ ነው። ልሙጥ ብረት በልሙጥ ብረት ላይ። ያን ሁሉ ጭነት በትንሽ ኃይል መጎተት የቻለው በዚህ ነው፤ በዚሁ ምክንያት የተጫነ ባቡር ፍሬን ተይዞም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ነጂው ኩርባውን ዓይቶ ፍሬን ቢይዝ ብዙ ጊዜ መሽቶበታል። ኩርባውን ሳያየው ነው ማወቅ ያለበት።

የእኛው ትልቁ ሐዘን በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰው ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ፣ ሰው የሞላበት ባቡር ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች በከፋነቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። አገሩ በድርቁ መከራ ላይ ስለነበር ዓለም ብዙም ሳያስታውሰው አለፈ። ነጂው ታሰረ።

ስፔን ውስጥ ሳንቲያጎ ከተማ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ2013 የሆነው ይመሳሰላል። በ80 ኪሎ ሜትር መታለፍ ያለበትን ኩርባ ባቡሩ ከ170 በላይ እየሄደ ገባው፤ ወደ 80 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ነጂው ስልክ ላይ ነበር። ግን እዚያም ጥያቄው በዚህ አላበቃም። ፍጥነቱን ዓይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ለምን ያ ኩርባ ላይ አልነበረም? ከነጂው ጋር የሐዲዱ ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ የነበሩ ሰውም ፍርድ ቤት የቀረቡት ለዚህ ነው።

እና እንዴት እንበለው?

እንግዲህ ከእርሻና ከባቡር ያገኘናቸውን ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ አንድ ዓይነት አይደሉም። በእኔ ግምት ፈር ለቀቀ የሚባለው መምረጥ ይችል የነበረ ሰው ነው። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት እያስከበረ፣ አጀንዳው ተጽፎ ሳለ፣ ተነስቶ ስለ ጎረቤቱ አጥር የሚያወራው ሰው ፈር ለቋል። ነገር ግን አጀንዳ ሳይያዝ፣ ሰዓት ሳይወሰን፣ 60 ሰው ባንዴ እየተናገረ የተበተነ ስብሰባ ሐዲዱን ስቷል። እዚያ አንዱን ተናጋሪ መውቀስ ሃትፊልድ ላይ ባቡሩን እንደመውቀስ ነው። ሐዲዱን ያላነጠፈው ማነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ልጆች ሲሆን ደግሞ የበለጠ እንጠንቀቅ። «ልጄ ሐዲዱን ሳተ» የሚል ወላጅ አባባሉን በትክክል ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስበውን ባይሆንም። ልጁ መሪ የሌለው ተሽከርካሪ ነው ማለቱ ነው። ሐዲዱን ያነጠፈለት ሌላ ነው፣ ፍጥነቱን የተቆጣጠረለት ሌላ ነው። ይህን ማለት ካልፈለገ ልጁ ፈር ለቀቀ ይበል፤ ልጁም መልስ ይኑረው።

«መስመር ሳተ» የሚለው ከሁለቱም ለስለስ ያለ ነው። መስመር የስልክም፣ የደብተርም፣ የሰልፍም ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። የደብዳቤና የሪፖርት ሰዎች የሚወዱትም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀሪ አባባል አለ። ሐዲዱን የሳተ ነገር «ወደ ሐዲዱ ይመለስ» ይባላል። ዜና ላይ በየቀኑ ነው፤ ድርድሩ ወደ ሐዲዱ ተመለሰ፣ ኢኮኖሚው ወደ ሐዲዱ ይመለሳል። ባቡሩ ራሱ ዞር ብሎ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ምድር ባቡር ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ከሐዲድ የወረደ ባቡር ከሞላ ጎደል በራሱ አይመለስም። ሞተሩ ምንም ያህል ደህና ቢሆን መሬት ላይ ጎማው ይቀብራል እንጂ አይወጣም። ቀላል ሲሆን ጎማውን አስታክኮ የሚያወጣ ተዳፋት ብረት ሐዲዱ ላይ ይታሰርና በሌላ ባቡር ይጎተታል። ከበድ ሲል ክሪክ ይገባል፤ ፉርጎው በትንሽ በትንሹ ይነሳል፣ ከሥሩ እንጨት ይደረደራል፣ ወደ ጎን ይገፋል፣ ይወርዳል። ከተገለበጠ ክሬን ያስፈልጋል። ጭነቱም ቀድሞ ይራገፋል።

ከዚያም ሐዲዱ ይታያል። የተጣመመው ይቀየራል፣ ጠጠሩ ይጠቀጠቃል፣ በሁለቱ ብረት መሐል ያለው ስፋት ይለካል። ጎማዎቹም ይለካሉ፤ አግዳሚ ላይ የነጠረ ጎማ ሳይመረመር ሥራ አይገባም። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ እንኳ በዚያ ቦታ ላይ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በተቀነሰ ፍጥነት እንዲያልፉ ይታዘዛሉ፤ መንገዱ በሙሉ ፍጥነት የሚከፈተው ጠጠሩ ክብደቱን ተሸክሞ መርጋቱ ሲረጋገጥ ነው።